ካየሁዎት አልሰማዎትም

ባለፈው ጥቅምት ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር። እህቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች በእሷ ፈንታ የልጇ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኘሁ። መምህርቷ ደብተር ገልጣ የየልጁን ነገር ስትናገር ቆየችና የእኛ ተራ ሲደርስ፣ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ይፈዛል። ዓይኑ ቦዝ ይላል፣ ልቡ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ቆንጠጥ አድርጉት» አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ክፉ ሴት አይደለችም። እኔ ግን እዚያች ትንሽ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ጆሮዬ ጋለ። ብቆይ እንደምጮህባት ስላወቅኩ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

በሩ ላይ የፋብሪካ ፈረቃ ተለውጦ ሠራተኞች መንገዱን ሞልተውታል። አንድ ሰውዬ አጠገቤ ሲያልፍ ከልብሱ የማሽን ዘይትና የጥጥ ብናኝ ሸተተኝ። የአባቴ ሽታ ነው። ያ ሽታ በመምህርቷ ቃል ላይ ተደረበና አራተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት እንዳለ አመጣብኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ ግን አሁንም ትኩስ ነው።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። የምንኖረው ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙ በማይርቅ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ አበበ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ይሠራል። ሰው ሲያነጋግረው በሁለት ቃል የሚመልስ፣ ከፈረቃ ሲመጣ በር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ የሚያይ ሰው ነው። ድካም ይመስለኝ ነበር። ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሁሉ ግድግዳ ማየት የተፈቀደለት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ሠራተኞች በሚበሉበት ክበብ ወጥ ትሠራለች፤ እሷ ቤት ስትገባ ቤቱ ይሞላል።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ክፍላችን ውስጥ ሰባ ስምንት ልጆች ነበርን፣ በአንድ ዴስክ አራት። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ጎረቤት ክፍል በኅብረት የማባዛት ሠንጠረዥ ይጮሃል፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ እግሯን ታወዛውዛለች፣ ላብና ጠመኔ ይሸታል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመጣብኝ ዓይኔ ይለቃል። ሌላ ቃል የለኝም። የጨበጠውን እንደሚለቅ እጅ ይለቃል። ሰሌዳው ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱም ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ፤ ፊደሎቹ ጠርዛቸውን ያጣሉ፤ የመምህሩ ነጭ ጋውን ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል። ሁሉም ነገር አባዬ በፀጉሩ ላይ ይዞት እንደሚመጣው ጥጥ ይለሰልሳል። በዚያን ጊዜ ጆሮዬ ይከፈታል። ተጠላልፎ የነበረው ድምፅ ይፈታና ለየብቻው ይመጣል፦ ጠመኔው ለብቻው፣ ቆርቆሮው ለብቻው፣ የመምህሩ ቃል ለብቻው።

አልዋሽም፣ አንዳንዴ ጭራሽ የምሄድበት ጊዜም ነበር። የእረፍት ደወል ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ እኔ ብቻ ዴስኩ ላይ እገኛለሁ። ግን ያ አንዳንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነበርኩ። ሰው ሁሉ ዓይኑን እንደዚያ የሚያሳርፍ ይመስለኝ ስለነበር ለማንም መናገር አላስፈለገኝም።

በዚያን ጊዜ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምረው አንድ መምህር ነው። የእኛ ቲቸር ደምሴ ይባላል። እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚወድቅ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም ያልፋል። አራተኛ ግን ይጥላል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ወላጆች ሁሉ ተጨንቀው ነበር፣ ቲቸር ደምሴም ልምጩን ይዞ ነበር የሚገባው።

መጀመሪያ ያለኝን አስታውሳለሁ። ዓይኔ ለቆ ሳለ ዴስኩን በልምጩ ጫፍ መታና፣ «ስንዱ፣ ልብሽ የት ሄደ?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ደነገጥኩ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ይመታል። በእረፍት ሰዓት መጸዳጃው ጀርባ ቆሜ እንደገና ዳሰስኩት፤ አሁንም ይመታል። የተማረ ሰው፣ ያውም መምህር፣ በሁሉ ፊት እንዲህ ያለ ውሸት ለምን እንደሚናገር ሊገባኝ አልቻለም። ለብዙ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ደረቴን እየነካሁ አረጋግጥ ነበር።

ከዚያ ፊት አስቀመጠኝ፣ ከጠረጴዛው ሥር። «እዪኝ ስልሽ እዪኝ። ዓይኔን እዪ» ይላል። ዓይኑን አያለሁ። ሰው ዓይን ውስጥ ማየት ለእኔ አምፖል ውስጥ እንደማየት ነው። ነጩ ላይ ቀይ ክሮች አሉ፣ ብሌኑ ውስጥ መስኮቱ ይታያል፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ጠመኔ አለ። ያን ሁሉ ሳይ የሚናገረው ነገር አንድም አይገባኝም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ነው። «ምን አልኩ?» ይለኛል። አላውቅም። ልምጩ ይመጣል። ሳላየው ደግሞ እሰማዋለሁ፤ ግን ስላላየሁት ልምጩ ይመጣል።

በጥቅምት አንድ ቀን ነገሩን ላስረዳው ወሰንኩ። ቢገባው የሚተወኝ መሰለኝ። እጄን አውጥቼ ተነሣሁና፣ «ቲቸር፣ ካየሁዎት አልሰማዎትም፤ የቱን ላድርግ?» አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱ አልሳቀም። አፌን የከፈትኩበት መሰለው። ሁለቱንም እጄን አስዘርግቶ አምስት አምስት መታኝ፣ ወላጅ አምጪ ብሎም አባረረኝ። ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በሕይወቴ ስለ ራሴ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ያ ነበር። በትሕትና ነው የጠየቅኩት። እውነቴን ነው ሁለቱንም ማድረግ ስላልቻልኩ የሚሻለውን እንዲመርጥልኝ የፈለግኩት።

እናቴ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «ትወድቃለች አለኝ» አለች ለአባዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ከወደቅሽ ትምህርት የለም፤ ኩታበር ነው የምትሄጂው። እቴቴ በላይነሽ ዓይናቸው ደክሟል፣ ውሃ የሚቀዳላቸው ይፈልጋሉ» አለች። እቴቴ በላይነሽ የአባቴ አክስት ናቸው፤ አባዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አባዬ ግድግዳውን አየ።

ሰፈሩ ምክር አላጣም። አንዷ ዓይነ ጥላ ነው አለች፣ አንዷ የሰው ዓይን በላት፣ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ዱዓ ይደረግላት አለች። እናቴ ሦስት ቅዳሜ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ ይቀዘቅዛል እንጂ አልከፋኝም፤ ውሃው ፊቴ ላይ ሲወርድ ማንም እዪኝ አላለኝም። ሲያልቅ ግን ዓይኔ እንደቀድሞው ይለቃል። ስለዚህ በጥር ደሴ ወጣን።

የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ስንወጣ እኔ ዓይኔን ለቅቄ ሄድኩ፤ ካለዚያ ያስመልሰኛል። እናቴ ያን ባየች ቁጥር ጉልበቴን ትመታለች። ደሴ በጉም ተሸፍኖ ጠበቀን። የገባንበት የግል ክሊኒክ ስሙ ጠፍቶኛል። ጋውን የለበሰው ሰውዬ እኔን አንድም ጊዜ አላነጋገረኝም።

«ትፈዛለች?» አላት እናቴን።

«አዎ።»

«ስትጠራ አትሰማም?»

«አንዳንዴ አትሰማም።»

«ቆይቶ ይመለስላታል?»

«አዎ፣ ይመለስላታል።»

«የሚጥል በሽታ ጅማሮ ነው» አለና ጻፈ። አለቀ። ክብደቴን እንኳ አልመዘነም።

የሚጥል በሽታ ሲል እኔ የገባኝ ዕቃ የሚያስጥል በሽታ ነው። መስከረም ላይ የአባዬን የሻይ ብርጭቆ ጥዬ ሰብሬ ነበርና እናቴ እሱን የነገረችው መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩትን ሁሉ ጣቴ እስኪነጣ ድረስ አጥብቄ እይዝ ነበር። እርሳስ ስይዝ እርሳሱ ይሰበራል።

ክኒኑ ነጭና ትንሽ ነው፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። ክኒኑን ከጀመርኩ በኋላ ዓይኔ መልቀቁን ተወ። ሰሌዳው ላይ እንደ ሚስማር ተመትቶ ይውላል። ጆሮዬ ግን ተዘጋ። ሐሳቤ እንደ ረጠበ ጋቢ ከበደኝ። ቲቸር ደምሴ ምን እንደሚል አልሰማም፣ ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ አልሰማም፣ ምሳ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ዛሬ ላስታውስ ስሞክር የማገኘው ጥቂት ነገር ነው። ካገኘሁት አንዱ ቲቸር ደምሴ አንድ ቀን አጠገቤ ቆሞ ያለኝ ነው፦ «ይኸው፣ አሁን ሰው ሆንሽ።»

ይህን ቃል ይቅር አላልኩትም። ዓይኔ ለቆ ሁሉንም ስሰማ የለሽም አሉኝ፤ ዓይኔ ተተክሎ እኔ በእውነት ስጠፋ መጣሽ አሉኝ። ሒሳብ ከአሥር ስምንት ሳገኝ እመታ ነበር፤ ሁለት ሳገኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ነጥቡን ያየ ሰው አልነበረም። የሚያዩት ዓይኔን ነው።

እቴቴ በላይነሽ ከኩታበር የመጡት በመጋቢት ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል፤ ሌላ ዘመድ ስለሌላቸው ማረፊያቸው እኛ ቤት ሆነ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ብቻቸውን ገብስ የሚያሳጭዱ፣ ምላሳቸው የማይተኛ ሴት ናቸው። የመጡ ዕለት እናቴ የእኔን በሽታ ስትነግራቸው ሰሙና፣ «ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። እንደሌላው ሰው አገጬን ይዘው ወደ ፊታቸው አላዞሩኝም። ቢያዞሩኝም አያዩኝም።

«ዓይንሽ ሲሄድ ምን ይታይሻል?» አሉ።

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መምህሩ አልጠየቀኝም፣ ሐኪሙ አልጠየቀኝም፣ እናቴ አልጠየቀችኝም። ከክኒኑ ጭጋግ ውስጥ መልሱን ፈልጌ እስካወጣ ጊዜ ወሰደብኝ። እሳቸውም ጠበቁ።

«ጥጥ» አልኳቸው።

«እኔም ጥጥ ነው የማየው። የእኔ ግን ከመጣ ሁለት ዓመቱ፣ አልሄድ አለ። ያንቺ ይሄዳል?»

«ትንሽ ካረፈ ይሄዳል። ሲጮሁብኝ ነው የሚቆየው።»

«ሰውስ ሲያወራ ትሰሚያለሽ?»

«ያኔ ነው ደህና አድርጌ የምሰማው። አሁን ግን ክኒኑ ከለከለኝ።»

እቴቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደሴ ለቀጠሮ የምመራቸው እኔ ሆንኩ፤ እናቴ ሥራ አላት፣ እኔ ደግሞ ታምሜያለሁና ትምህርት ብቀር ማንም አልተቆጨም። በመጀመሪያው ቀጠሮ የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የዓይን ክፍሏ ነርስ ቀሰቀሰችኝና ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀች። እቴቴ፣ «ክኒን እየሰጧት ነው፣ እሱ ነው የሚያስተኛት» አሉ። ነርሷ የክኒኑን ብልቃጥ ከእጄ ተቀብላ አየችው። ዕድሜዋ የሃያ አምስት ያህል፣ ጸጉሯን በነጭ መሐረብ ያሰረች፣ የቸኮለች ልጅ ናት። ግን ቆመች።

«ወድቃ ታውቃለች? ተንቀጥቅጣ? ምላሷን ነክሳ?»

«ኧረ በፍጹም» አሉ እቴቴ።

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና፣ «ስትፈዢ ሰው ቢነካሽ ይታወቅሻል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ ይህን ማን አዘዘው?» አለች፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ ነው ያለችው። እናቴን ይዘን እንድንመለስ ነገረችን። በሳምንቱ እናቴ መጣች፣ አንዲት ዶክተር አየችኝ፣ ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ መልሴንም ጻፈች። ክኒኑ በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንዲቆም አዘዘች። ስሙን ግን እሷም አላወቀችውም። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ዶክተሯ ያለችው፣ «በሽታ አይመስለኝም፤ አፈጣጠሯ ይሆናል» ብቻ ነው። እናቴ ያን ከመስማት በሽታ መስማት ይሻላት ነበር። በሽታ መድኃኒት አለው።

ሚያዝያ ላይ ክኒኑ ጨርሶ ቆመ። ጆሮዬ ተመለሰ፣ ዓይኔም እንደልማዱ መልቀቅ ጀመረ። ሐረጎን ስንወርድ እቴቴ ከኩታበር እስከ ቦሩ ሜዳ ያለውን ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሲቆጥሩልኝ ዓይኔን ለቅቄ ሰማኋቸውና ሲጨርሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መለስኩላቸው፣ ማን ማንን እንዳገባ ሳይቀር። እቴቴ ሳቁ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ድንገት ቆመ። «እንዲህ እየሰማሽ ነው እንግዲህ የሚመቱሽ» አሉ።

በማግስቱ ለሌላ ቀጠሮ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ አብረውኝ ክፍል ድረስ ገቡ። በአንድ እጃቸው ዘንጋቸውን፣ በአንድ እጃቸው የእኔን ትከሻ ይዘዋል።

«የኔ ጌታ፣ ይቺ ልጅ ዓይኗ ሲፈዝ ጆሮዋ ይሠራል። አልሰማ ብሎኝ እንጂ ለአባቷም ነግሬያለሁ። ካላመኑ ይፈትኗት» አሉ።

ቲቸር ደምሴ የተማረ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለ። «እሺ እማማ» አለና መጽሐፍ ከፍቶ ስለ አፈር መሸርሸር የሚለውን አንድ ገጽ ያህል አነበበ። እኔ ዓይኔን ለቀቅኩ። በፈቃዴ፣ በሰው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰሌዳው ሁለት ሆነ፣ ልጆቹ ጥጥ ሆኑ፣ ድምፁ ብቻውን ጥርት ብሎ መጣ። ሲጨርስ ያነበበውን በሙሉ መለስኩ። አንድ ቦታ ላይ እሱ ተሳስቶ ደግሞ አንብቦት ነበር፤ እኔም እንዳነበበው ደገምኩት። ልጆቹ በዚያች ሳቁ።

ይህን ለብዙ ሰዎች ሳወራ እዚህ ላይ ያቋርጡኛል፣ «በቃ፣ አፈረ» ይላሉ። አላፈረም። እቴቴን በክብር እስከ በር ሸኛቸው፣ በሩን ዘጋ፣ ወደ እኔ ተመለሰ።

«እንግዲያው ይህን ሁሉ ወር እየሰማሽ ነው ስታላግጪብኝ የከረምሽው» አለ።

አትሰማም ብሎ የመታኝ ሰው፣ መስማቴን ስላረጋገጥኩ በእጥፍ መታኝ። መስማቴን ማስረዳት ጥፋቴ ሆነ። እቴቴ በር ላይ ቆመው የልምጩን ድምፅ ሰምተዋል፤ በሩን በዘንጋቸው ቢደበድቡም አልተከፈተላቸውም።

ማታ አባዬ ወደ ሌሊት ፈረቃ ሊሄድ እየበላ ነበር። መዳፌ አብጦ ቁራሽ መያዝ አልቻልኩም፣ እናቴ ታጎርሰኛለች። እቴቴ እንጀራውን አልነኩም።

«አበበ» አሉ፣ «ይኼ ያንተ ነገር ነው፣ አታውቀውም?»

አባዬ እጁ ወጡ ላይ ቆመ።

«ዝንጀሮ ጠብቅ ተብሎ ማሳው ዳር ተቀምጦ፣ ዝንጀሮው በፊቱ እሸቱን ሲያወርድ እሱ ዓይኑን ለቆ ይውላል» አሉ እቴቴ ለእናቴ። «ወንድሜ፣ አባቱ፣ ገርፎ ገርፎ ነው ከአገር ያስወጣው። ኮምቦልቻ የወረደው ለዚያ ነው። ታዲያ ልጁ እንዲህ ስትሆን አፉን ምን ያዘው?»

እናቴ አባዬን አየችው። አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ አታውቅም ነበር።

«አባዬ፣ እውነት ነው?» አልኩት።

«እውነት ነው።»

«አሁንም?»

«አሁንም። ማሽኑ ላይ ስሠራ ዓይኔን እለቃለሁ። ክር ሲበጠስ የማሽኑ ምት ይለወጣል፣ በዚያ ነው የማውቀው። አለቃ ሲመጣ ዓይኔን እመልሳለሁ።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«መደበቁን ትለምጂዋለሽ ብዬ ነው» አለ። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

ከመስከረም ጀምሮ የተቆጠረ ልምጭ፣ ሦስት ቅዳሜ ጠበል፣ ሦስት ወር ክኒን። ይህ ሁሉ ሲሆን በዓለም ላይ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፣ እሱም በር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያይ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለአባቴ ያላልኩትን አልኩት። «ፈሪ ነህ» አልኩት።

እናቴ እጇን አነሣች። እቴቴ ክንዷን ያዟት። አባዬ እጁን ታጥቦ ወደ ሥራው ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ከተጀመረ በኋላ በሩ ተንኳኳ። አባዬ ነው። ከሌሊት ፈረቃ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ነው የመጣው፣ ፀጉሩ ላይ ጥጥ አለ። ልጆቹ ሽማግሌ መስሏቸው ሳቁ።

«ይቅርታ ቲቸር፣ አላቆይዎትም» አለና ገብቶ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ወደ ማንም አላየም። «ትናንት ልጄ የተመታችው ሳታይ በመስማቷ ነው አሉ። እኔም እንደሷ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ከእኔ የወረሰችው ነው። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋ። እኛ እንደምንዘረጋው፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ።

ቆርቆሮው ብቻ ነው የሚንጣጣው። «ጋሼ፣ ምን ማድረግዎ ነው፣ እጅዎን ያውርዱ እንጂ» አለ ቲቸር ደምሴ፣ ድምፁ ቀጥኖ። አባዬ አላወረደም። «የእሷ አብጧል፤ የእኔ ይችላል» አለ።

ያኔ ፊቱን አየሁት። ዓይኑ ለቋል። ሰሌዳውንም፣ መምህሩንም፣ እኛንም አያይም። በክፍል ሙሉ ሰው ፊት፣ ከአባቱ ልምጭ ጀምሮ ሲደብቀው የኖረውን፣ እንዳለ ገልጦ ቆሟል።

ቲቸር ደምሴ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ልምጭ በስም መጥሪያው ደብተር ሸፈነው። «ይሂዱ፤ ሁለተኛ አልነካትም» አለ። አባዬ እጁን አወረደ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ።

በአባቴ ኮራሁ ብል ደስ ይል ነበር። ወደድኩት፣ በጣም ወደድኩት። ኩራቱን ግን ንዴቱ ቀደመው። እኔ ያንኑ ነገር በጥቅምት በገዛ አፌ ተናግሬ ነበር። ስለ ገዛ ዓይኔ የምለው እንዲታመን አንድ ትልቅ ሰው ከሌሊት ሥራ መጥቶ እጁን መዘርጋት ነበረበት።

ቲቸር ደምሴ ቃሉን ጠበቀ። አልነካኝም። ኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጠኝና እስከ ሰኔ ድረስ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። አልነካትም ማለት የለችም ማለት መሰለው። እኔ ግን በመስኮቱ በኩል ወደ ወንዙ ዓይኔን እየለቀቅኩ ያለውን ሁሉ ሰማሁት።

እቴቴ ግንቦት ላይ የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተነሣላቸው። ፋሻው ሲፈታ አጠገባቸው ነበርኩ። አፍጥጠው አዩኝና፣ «ቀይ ነሽ ለካ፤ ጥቁር አድርጌሽ ነበር» አሉ። ከዚያ፣ ሳልነግራቸው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱና ጎን ለጎን ተቀምጠን ውጭውን እያየን አወራን። በሳምንቱ ወደ ኩታበር ተመለሱ።

የሰኔ ካርድ ተሰጠ። ከሰባ ስምንት አሥራ አንደኛ ወጥቻለሁ፣ አልፌያለሁ። እናቴ እልል አለች። እኔ ግን ያነበብኩት ከታች ያለውን የመምህሩን አስተያየት ነው። በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ «ትኩረት የላትም» ይላል።

የአባዬን ምላጭ ከመስታወቱ ሥር አወጣሁ። መጀመሪያ «ም»ን ፋቅኩ፣ ቀስ አድርጌ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ። ቀጥሎ «የ»ን ፋቅኩ። በቦታው «አ» ጻፍኩ። ቀለሙ ትንሽ ፈሰሰ እንጂ ደህና ወጣ።

አባዬ ሊፈርም ካርዱን ተቀበለኝ። ብዙ ማንበብ አይችልም፣ ቀስ እያለ ፊደል እየቆጠረ ነው የሚያነብ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። የተፋቀበት ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይኼ ማጭበርበር ነው» አለ።

«የበፊቱ ነበር ማጭበርበር» አልኩት።

ካርዱን ጉልበቱ ላይ አደረገና እስክሪብቶ ስጪኝ አለኝ። ፈረመ።